ውሃው ለሰው፣ ብሩሹ ለሶላሩ

2011 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ ነው። አፋር ክልል ካለችው ሎጊያ ከተማ ተነስተን ሁለት ሰዓት ያህል በጥርጊያ መንገድ ሄደን አንድ ጤና ኬላ ደረስን። የክትባት ማቀዝቀዣው ቴርሞሜትር 9 ዲግሪ ያሳያል። ክትባት ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ነው መቆየት ያለበት። ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ማቀዝቀዣው የሚሠራባቸው የሶላር ፓነሎች መስታወት አይመስሉም። አፈር የተለሰኑ ነው የሚመስሉት። በጣቴ ስነካቸው ጣቴ ያለፈበት ቦታ ብቻ ጠቁሮ ታየ።

«ውሃ አምጡልኝ» አልኩ።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ትንሽ አመነታች። ከዚያ ወጣ ብላ ከአንዲት እናት ጋር ተመለሰች። እናትየው ቢጫ ጄሪካን ይዘዋል። 20 ሊትር ነው። ሁሉንም ተጠቀምኩት። ፓነሎቹ አብረቀረቁ፣ እኔም ደስ አለኝ። ስወርድ እናትየው በአፋርኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ባለሙያዋ ልትተረጉምልኝ አልፈለገችም። ስለምናት ግን ነገረችኝ።

«ይህን ውሃ ለማምጣት ሌሊት 9 ሰዓት ነው የተነሳሁት ነው የሚሉት።»

ምንም አልመለስኩም። ምን ይመለሳል? በአህያ ሌሊት ሄደው ያመጡትን ውሃ እኔ መስታወት ላይ አፍስሼው መሬት ጠጣው። ይባስ ብሎ፣ ከ2 ሳምንት በኋላ ስደውል ማቀዝቀዣው እንደገና እያስቸገረ ነበር።

ይህን የምጽፈው ውሃ ብርቅ በሆነበት ቦታ ሶላር ለተከላችሁ ሁሉ ነው። አፋር፣ ሶማሌ፣ ቦረና፣ ወይም ከተማ ውስጥ ሆናችሁ ቧንቧው በሳምንት አንዴ ለሚመጣላችሁም ይሆናል። እዚህ የምነግራችሁን ሁሉ በእጄ ሞክሬዋለሁ። ያበላሸሁትንም ጭምር።

መጀመሪያ ውሃው ለምን እንዳልሠራ ልንገራችሁ። የዚያ አካባቢ ውሃ ጨዋማ ነው። በጋለ መስታወት ላይ ሲፈስ በደቂቃ ውስጥ ይደርቃል። ውሃው ይሄዳል፣ ጨውና ካልሲየሙ ይቀራል። ነጭ ነጭ ክብ ምልክት ታያላችሁ። ሻይ ማፍያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ማለት ነው። ጨው ደግሞ ሌሊት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። እርጥቡ ቦታ አቧራ ይይዛል። ስለዚህ በመጥፎ ውሃ የታጠበ ፓነል ካልታጠበው ፈጥኖ ይቆሽሻል።

ሁለተኛው ችግር የታችኛው ጠርዝ ነው። ውሃው አፈሩን ይዞ ይወርድና የአሉሚኒየሙ ፍሬም ያቆመዋል። እዚያው ይደርቃል። ስትመለከቱት ፓነሉ ንጹህ ነው፣ ከታች ብቻ አንድ ጣት የምታህል የጭቃ መስመር አለች። «ይቺ ምን ታደርጋለች?» ትላላችሁ። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። ነገር ግን ፓነል ውስጥ ያሉት ሴሎች እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። አንዱ ሴል ሲሸፈን በእሱ በኩል የሚያልፈው ኮረንት ይቀንሳል፣ የሱ ሰንሰለት ሙሉ አብሮት ይደክማል። ፓነሉ ቆሞ ከተተከለ፣ ማለትም አጭሩ ጎኑ ወደ ታች ከሆነ፣ ያቺ የጭቃ መስመር የሁሉንም ሰንሰለቶች ጫፍ ትሸፍናለች። ተጋድሞ ከተተከለ ግን አንዱን ሰንሰለት ብቻ ትነካለች፣ ሌላው ይሠራል። አሁን አዲስ ስተክል፣ ዝናብ በሌለበት ቦታ ከሆነ አጋድሜ ነው የምተክለው። ያለምንም ወጪ የሚገኝ ጥቅም ነው።

የክትባት ማቀዝቀዣው ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ብዙዎቹ የአሁን ማቀዝቀዣዎች ባትሪ የላቸውም። ቀጥታ ከፓነሉ ነው የሚሠሩት። ሌሊቱን የሚያሳልፉት ቀን ውስጥ በሠሩት በረዶ ነው። ፓነሉ ሲቆሽሽ ኮምፕረሰሩ፣ ማለትም የማቀዝቀዣው ሞተር፣ ጠዋት ዘግይቶ ይነሳል፣ ከሰዓት ቶሎ ይቆማል። በረዶው እየሳሳ ይሄዳል። በአንድ ቀን አይታወቅም። በ3ኛው ሳምንት ግን ቴርሞሜትሩ ይናገራል።

ከዚያ በኋላ «ያለ ውሃ አጸዳለሁ» ብዬ ተነሳሁ። የመጀመሪያው ሙከራዬ ጥፋት ነበር። ሌላ ጤና ኬላ ላይ ያገኘሁትን ደረቅ ጨርቅ ይዤ እየተጫንኩ በክብ በክብ ወለወልኩት። ልክ ጠረጴዛ እንደሚወለወለው። አቧራው ለቀቀ። ፀሐይ በጎን ስትመታው ግን መስታወቱ በቀጫጭን ጭረት ተሞልቶ አየሁት። ዛሬም አለ። አይጠፋም።

ምክንያቱን ኋላ ነው የተረዳሁት። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን ከመስታወት ይጠነክራል። አሸዋ ባለበት መስታወት ላይ ጨርቅ መጫን ማለት በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ነው። ከመስታወቱ ላይ ደግሞ ብርሃን እንዳይመለስ የሚያደርግ በጣም ስስ ሽፋን አለ። በዓይን አይታይም። እሱ ከተፋቀ የሚመልሰው የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፦ አሸዋው ሳይራገፍ ጨርቅ አይነካም።

ከዚህ በኋላ በግምት መሥራት ተውኩ። ሎጊያ በተከራየሁት ቤት ጣሪያ ላይ ሁለት አንድ ዓይነት ባለ 100 ዋት ፓነሎች ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ተመሳሳይ ዘንበል፣ ተመሳሳይ አቅጣጫ። አንዱን በየ3 ቀኑ አራግፋለሁ፣ አንዱን ተውኩት። በ3ኛው ሳምንት እኩለ ቀን ላይ፣ 6 ሰዓት፣ ለካሁ።

መጀመሪያ ቮልት ለካሁ። ንጹሁ 21.4፣ ቆሻሻው 21.2። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸወደው። «ቮልቱ ደህና ነው፣ ፓነሉ ደህና ነው» ይላል። አቧራ ቮልት ብዙም አይነካም። የሚበላው አምፔሩን፣ ማለትም የኮረንቱን መጠን ነው። አምፔሩን ስለካ ንጹሁ 5.1፣ ቆሻሻው 4.2 ሰጠ። ከአምስት እጅ አንድ እጅ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነገር ጠፍቷል። ያውም በ3 ሳምንት። የጅቡቲ መንገድ አጠገብ ስላለን፣ ከባድ መኪና ቀንና ሌሊት ስለሚያልፍ፣ የእኛ አቧራ ይብሳል።

እናንተም እንዲህ ለኩ። ኮረንት የሚለካ መልቲሜትር ወይም ክላምፕ ሜትር ከሌላችሁ ቻርጅ ኮንትሮለሩ (ከፓነሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኮረንት የሚቆጣጠረው ዕቃ) ላይ ያለውን የአምፔር ቁጥር አንብቡ። ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ባትሪው ከሞላ ኮንትሮለሩ ራሱ ኮረንቱን ይቀንሳል። ያኔ ፓነሉ ንጹህ ሆኖም ትንሽ ቁጥር ታያላችሁ። ስለዚህ ባትሪው ገና እየሞላ እያለ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት አንብቡ። ከማጽዳት በፊትና በኋላ። ጽፋችሁ አስቀምጡት። በወር ውስጥ በየስንት ቀኑ ማጽዳት እንዳለባችሁ ራሱ ቁጥሩ ይነግራችኋል። «በሳምንት አንዴ» እያለ ለሁሉም አንድ ዓይነት ምክር የሚሰጥ ሰው የእናንተን ግቢ አላየውም።

ያን የቆሸሸውን ፓነል በአንድ ጊዜ አላጸዳሁትም። ደረጃ በደረጃ እያጸዳሁ ለካሁት። በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ሳራግፈው ከ4.2 ወደ 4.8 ወጣ። ከዚያ በማይክሮፋይበር ጨርቅ ስጠርገው 5.0 ደረሰ። በመጨረሻ በጥሩ ውሃ ሳጥበው 5.1 ሆነ። ውሃው የጨመረልኝ 0.1 ብቻ ነው። ያቺ 0.1 ናት እንግዲህ 20 ሊትር የበላችው። ይህን ቁጥር ሳየው እኚያ እናት ፊቴ ላይ መጡ።

አሁን ወደ አሠራሩ እንሂድ። ትልቁ ጉዳይ ሰዓቱ ነው።

አቧራ ደርቆ ሲያርፍ ቀላል ነው። ብሩሽ በቀላሉ ያነሳዋል። መስታወቱ ላይ የሚጣበቀው ሌሊት ነው። ፓነል ሌሊት ከአየሩ በላይ ይቀዘቅዛል፣ ጤዛ ይይዛል። ጤዛው አቧራውን ያርሰዋል። ጠዋት ፀሐይ ታደርቀዋለች። ይህ ሲደጋገም አቧራው እንደ ምርጊት ይጋገራል። አሳይታና ዱብቲ አካባቢ፣ አዋሽ ባለበት፣ በጊላል ወራት ይህ በደንብ ይታያል። በአፋርኛ ጊላል የሚባለው ቀዝቀዝ የሚለው ጊዜ ነው፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ድረስ። ሰዉ «አሁን ንፋሱ ጋብ ብሏል፣ ሶላሩ አይቆሽሽም» ይላል። እኔ ግን የሚጋገረው አቧራ በብዛት ያጋጠመኝ በዚያ ወቅት ነው። በሀጋይ፣ ማለትም በግንቦትና በሰኔ፣ አቧራው ብዙ ነው፣ ግን ደረቅ ነው። በቀላሉ ይራገፋል። ትንሽ ካፊያ ዝናብም አትመኑ። ከባድ ዝናብ ያጥባል። ካፊያ ግን ጭቃ ነጠብጣብ ብቻ ጥሎ ይሄዳል።

ስለዚህ የተጋገረ ከማጽዳት፣ ሳይጋገር ማራገፍ ይሻላል። የተመቸው ሰው ማታ፣ ፀሐይ ጠልቃ ፓነሉ ከበረደ በኋላ፣ ጤዛው ሳይወርድ ያራግፍ። የቀኑ አቧራ ሌሊቱን አይጠብቅም ማለት ነው። ጨለማ ላይ መሰላል መውጣት ለሚከብደው ደግሞ ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ያለው ጥሩ ነው። ጤዛው መድረቁን በእጃችሁ ጀርባ ነክታችሁ አረጋግጡ። እርጥብ ከሆነ ተውት። እርጥብ አቧራ በደረቅ ብሩሽ ከነካችሁት ጭቃ ትለቀልቁታላችሁ። ከዚያ በባሰ ይደርቃል። እኩለ ቀን ላይ ግን በፍጹም አትንኩ። መስታወቱ እጅ ያቃጥላል። ቀዝቃዛ ውሃ ካፈሰሳችሁበት ደግሞ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ዕቃው ውድ አይደለም። እኔ የምጠቀመው መኪና ለማጠብ የሚሸጠውን፣ ፀጉሩ ረጅምና ለስላሳ የሆነውን ሰፊ ብሩሽ ነው። ረጅም እንጨት ላይ አስሬዋለሁ። ትንሽ ፓነል ከሆነ አዲስ ሰፊ የቀለም ብሩሽ ይበቃል። አዲስ ያልኩት ያለምክንያት አይደለም። ቀለም የደረቀበት ብሩሽ ሚስማር ማለት ነው። የቤት መጥረጊያ፣ የወለል መፈግፈጊያ፣ የሽቦ ነገር፣ ጆንያ፣ እነዚህን ከፓነል አርቁ።

ንፋሱን ከጀርባችሁ አድርጉና ከላይ ጀምሩ። ብሩሹን አትጫኑት። የራሱ ክብደት ይበቃዋል። ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ ሳቡት። ወደ ላይ አትመልሱት። አንሡት፣ አራግፉት፣ ቀጥሎ ያለውን መስመር ሳቡ። ይኼ ወደ ላይ አለመመለስ ቀላል ይመስላል፣ ግን እጅ ይረሳል። ያስተማርኳቸው ሰዎች ሁሉ መጀመሪያ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ወደ ላይ ስትመልሱ ያወረዳችሁትን አሸዋ መልሳችሁ ትፈትጉበታላችሁ። መጨረሻ ላይ የታችኛውን ጠርዝ በትንሽ ብሩሽ ለብቻው አውጡት። ያቺ ጣት የምታህል መስመር እንዳትረሳ።

ጨርቁ ከዚህ በኋላ ነው። አሸዋው መራገፉን አይታችሁ፣ የቀረው ዱቄት የመሰለ ብናኝ ብቻ ሲሆን። ማይክሮፋይበር ጨርቅ የመስታወት መጥረጊያ ጎማ ላይ ጠቅልላችሁ፣ አሁንም ከላይ ወደ ታች፣ አሁንም ቀስ ብላችሁ። ለእያንዳንዱ ፓነል የጨርቁን ንጹህ ፊት አዙሩ። ሁለት ጨርቅ ቢኖራችሁ ጥሩ ነው። ጨርቁን ድንጋይ ላይ መታ መታ አድርጋችሁ ታራግፉታላችሁ። አልፎ አልፎ ማጠብ ግን ግድ ነው። እኔ ይዤው ሎጊያ እመለስና አጥበዋለሁ። አንድ ሊትር ይበቃዋል። በነገራችን ላይ፣ ጨርቁን በየቀኑ አልጠቀምም። ብዙ ጊዜ ብሩሹ ብቻውን ይበቃል። ጨርቅ በበዛ ቁጥር ሽፋኑ ላይ የሚደርሰው መፈተግም ይበዛልና። አፍና አፍንጫችሁንም ሸፍኑ። ያ ብናኝ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

ጎሚስታ ቤት ጎማ የሚነፉበትን የአየር ኮምፕረሰርም ሞክሬ ነበር። ቆንጆ ሐሳብ መስሎኝ ነበር። ግን 4.2 የነበረው 4.5 ብቻ ነው የሆነው። አየር ትልልቁን ቅንጣት ያነሳል። ትንሹ ብናኝ ግን መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ ንፋስ አያነሳውም። ለዚህ ነው ነፋሻማ ቦታ ያለ ፓነልም የሚቆሽሸው። ኮምፕረሰሩ ደግሞ ማጣሪያ ከሌለው ከአየሩ ጋር ዘይትና ውሃ ይተፋል። ስስ ቅባት መስታወቱ ላይ ይቀራል። ቅባት የነካው ፓነል በማግስቱ አቧራ ለብሶ ይጠብቃችኋል። ስለ ቅባት ካነሳሁ፣ አንዳንድ ሹፌሮች «በናፍጣ ወልውለው፣ ያበራል» ይላሉ። ያበራል፣ ለአንድ ቀን። እባካችሁ አታድርጉት። ኦሞም፣ አመድም እንዲሁ።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደምወደው ዘዴ ልምጣ። ፓነሉ ትንሽ ከሆነ፣ ከ20 እስከ 100 ዋት፣ ማታ ማታ አዙሩት።

ይህን ያየሁት መንገድ ዳር ሻይ ከምትሸጥ እህት ነው። ባለ 50 ዋት ፓነል አላት። ስልክ ቻርጅ ታደርግበታለች፣ መብራትም አላት። ሌባ ስለምትፈራ ማታ ቤት ታስገባዋለች። የእሷ ፓነል ሁልጊዜ ከጎረቤቶቿ ይጸዳል። «በምንድን ነው የምታጸጂው?» አልኳት። «ምን ጊዜ አለኝና ወንድሜ፣ አላጸዳውም» አለችኝ። ሌሊቱን ጤዛ አያገኘውም፣ የሌሊት አቧራም አያርፍበትም። ስታነሳውና ስታስቀምጠው ደግሞ የቀኑ አቧራ ይራገፋል። በቃ ሚስጥሩ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ለትንንሽ ፓነሎች የበር ማጠፊያ ገጥሜ መትከል ጀመርኩ። ቀን ዘንበል ብሎ ይተኛል። ማታ በገመድ ይሳብና ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ወይም ፊቱን ወደ ታች ያዞራል። ከማዞሬ በፊት በየ2 ቀኑ አራግፍ ነበር። ካዞርኩ በኋላ በሳምንት አንዴ በቂ ሆነልኝ። ከማጠፊያውና ከገመዱ ሌላ የፈጀው ነገር የለም። ማጠፊያውን ግን ጠንካራ አድርጉት፣ የእኛ አገር ንፋስ ቀልድ አያውቅም። ገመዶቹም (የኤሌክትሪኩን ማለቴ ነው) ሲታጠፍ እንዳይጎተቱ ትርፍ ተዉላቸው።

ለተበየደ ፓነል ይህ አይሆንም። ለእሱ ዘንበል ማድረጉን አስቡበት። አፋር ከምድር ወገብ ብዙ ስለማይርቅ ብዙ ባለሙያ «ፀሐይዋ አናት ላይ ናት» ብሎ ጠፍጣፋ ያስተኛዋል። ጠፍጣፋ ፓነል ሳህን ነው፣ ሁሉን ይሰበስባል። ቢያንስ 15 ዲግሪ ወደ ደቡብ አዘንብሉት። ከፀሐይ የምታጡት ትንሽ ነው፣ ከአቧራ የምታተርፉት ይበልጣል። ሥሩ ላይ ጠጠር አፍስሱ። ፍየሎች ከሚያልፉበት መንገድ አርቁት። ከማድቤት ጭስ ደግሞ ከሁሉም በላይ አርቁት። ጥቀርሻ ቅባት አለው፣ ብሩሽ አያነሳውም።

ሁሉንም ያለ ውሃ እፈታለሁ አልልም። የወፍ ኩስ አለ። እሱን በደረቁ ከፋቃችሁት ትጭራላችሁ፣ ከተዋችሁት ደግሞ ከሥሩ ያለው ሴል እየጋለ ይጎዳል። እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ ትንሽ ጨርቅ አርሳለሁ፣ ጠዋት በብርዱ ኩሱ ላይ አስተኛዋለሁ፣ 15 ደቂቃ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ሳልጫን አነሳዋለሁ። አንድ ሲኒ ውሃ ይበቃል። ውሃው ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራው ውሃ ቢሆን ይመረጣል፣ ነጭ ምልክት አይተውም። ሱቅ ውስጥ ግን ከባትሪ አሲድ ጋር ጎን ለጎን ስለሚቀመጥ ማሸጊያውን በደንብ አንብቡ። በከርማ፣ ማለትም በክረምቱ ዝናብ ጊዜ በንጹህ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃም ጥሩ ነው።

አንዳንድ ሰው ይህን ስነግረው «የቸገረው ሰው ዘዴ» አድርጎ ያየዋል። አይደለም። እስራኤል ውስጥ፣ በአራቫ በረሃ ኬቱራ በሚባል ኪቡትስ (የጋራ እርሻ መንደር)፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የተመረቀ የሶላር ማሳ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የሚያጸዱት ሮቦቶች ናቸው፣ ያለ አንዲት ጠብታ ውሃ። ማታ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይነሳሉ። በማይክሮፋይበርና በአየር አቧራውን ከላይ ወደ ታች ያወርዱታል። አስተውሉ፦ ለስላሳ ጨርቅ፣ ማታ፣ ከላይ ወደ ታች። አቡ ዳቢ ያለው ኑር የተባለው ጣቢያም ከ3 ሚሊዮን በላይ ፓነሎቹን በደረቁ ነው በሮቦት የሚያጸዳው። በአሜሪካ የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 አቧራውን በኤሌክትሪክ ኃይል ከመስታወቱ ላይ የሚያስፈነጥር ዘዴ አሳትመዋል። ምንም አይነካውም። በእነሱ ግምት በዓለም ላይ ፓነል ለማጠብ በዓመት የሚፈሰው ውሃ እስከ 2 ሚሊዮን ሰው ያጠጣል። ዘዴው ገና ገበያችን አልደረሰም። ሲደርስ የመጀመሪያው ጤና ኬላዎች ላይ ቢገጠም ደስ ይለኛል።

ማርስ ላይ ያለውም ያስገርመኛል። ኦፖርቹኒቲ የተባለችው ተሽከርካሪ ለ90 ቀን ተብላ ተልካ ከ14 ዓመት በላይ ሠርታለች። ፓነሏን አልፎ አልፎ ንፋስ ይጠርግላት ነበር። ኢንሳይት የተባለው፣ እዚያው ማርስ ላይ አንድ ቦታ ቆሞ የሚሠራው መንኮራኩር ግን ያ ዕድል አልገጠመውም። እ.ኤ.አ. በ2021 መሐንዲሶቹ በክንዱ አሸዋ አፍሰው፣ ንፋሱ አሸዋውን ፓነሉ ላይ እያነጠረ ብናኙን እንዲያስነሳ አደረጉ። ትንሽ ኃይል ተመለሰለት። በ2022 መጨረሻ ግን አቧራው አሸነፈው። እዚያ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። እናንተ ግን አሸዋ አትሞክሩ፣ ብሩሽ አላችሁ።

አንድ የጥንቃቄ ነገር። ፓነል ላይ አትርገጡ፣ አትንበርከኩም። መስታወቱ ባይሰበርም ውስጡ ያሉት ሴሎች በዓይን በማይታይ ሁኔታ ይሰነጠቃሉ። ከመሬት ሆናችሁ በረጅም እንጨት መድረስ ከቻላችሁ ጣሪያ አትውጡ። ቆርቆሮ ጠዋት በጤዛ ያንሸራትታል። የተላጠ ሽቦ ካያችሁ ፀሐይ እስክትጠልቅ አትንኩት። ፓነል ብርሃን እስካለ ድረስ ማጥፊያ የለውም።

ወደዚያች ጤና ኬላ ብዙ ጊዜ ተመልሻለሁ። ብሩሽና ሁለት ጨርቅ ሰጠኋት ለባለሙያዋ። እጇን ይዤ አሳየኋት፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሳትመልሺ። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ወሬ የመለዋወጥ ባህል አላቸው። ሰው ከሰው ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን በዝርዝር ይነግራል። በሚቀጥለው ዓመት፣ እኔ ረግጬው በማላውቅ ቀበሌ አንድ የቁም እንስሳ ነጋዴ ትንሽ ፓነሉን ማታ ወደ ግድግዳ አዙሮ አገኘሁት። «ማን ነገረህ?» ስለው «ሰምቼ ነው» አለ።

እናትየውንም አገኘኋቸው። በባለሙያዋ በኩል ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ረስተውት ነበር ወይም የረሱ መስለው ተዉኝ። ሻይ አፈሉልኝ።

ብሩሹ አሁን ከማቀዝቀዣው ክፍል በር ጀርባ፣ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ጨርቆቹ አሸዋ እንዳይነካቸው ፌስታል ውስጥ ናቸው። አጠገባቸው የተማሪ ደብተር አለ። ቀን፣ የማቀዝቀዣው ዲግሪ፣ የመብራቱ ኮንትሮለር አምፔር ከማራገፍ በፊትና በኋላ። ባለፈው ስሄድ የመጨረሻው መስመር ላይ ዲግሪው 4 ይላል።